መስኮቱ በብርጭቆው ላይ፤ ስለ ነጸብራቅ አሳሳል

ኪነ ጥበብ የሕይወት ነጸብራቅ ነው የሚለው አነጋገር በመማሪያ ክፍል፣ በዐውደ ርእይ መክፈቻና በውይይት መድረክ ሲደጋገም የኖረ ነው። ከመደጋገሙም የተነሣ ተናጋሪው ሳያስብበት የሚናገረው፣ አድማጩም ሳይመረምረው የሚቀበለው ቃል ሆኗል። ብዙ የፈጨ ወፍጮ ሲለዝብ እህሉን ማድቀቅ ስለሚሳነው ይወቀራል፤ ብዙ የተነገረ ቃልም እንዲሁ አልፎ አልፎ መወቀር ይኖርበታል። ለመሆኑ ነጸብራቅ ምንድን ነው? የሚያንጸባርቀው ነገር የተቀበለውን እንዳለ ይመልሳል ወይስ በራሱ ቅርጽና ጠባይ ይለውጠዋል? ይህን ጥያቄ በንድፈ ሐሳብ ብቻ ሳይወሰን በእጅ ሥራ ላይ ለመመርመር የሚሻ ሰው ከአንድ አነስተኛ ከሚመስል ጉዳይ ቢነሣ ይጠቀማል። ጉዳዩም በዘይት ቀለም በሚሠራ የግዑዛን ሥዕል ውስጥ፣ በብርጭቆ ወይም በብረት ዕቃ ላይ የሚታየው የመስኮት ነጸብራቅ ነው።

የግዑዛን ሥዕል የሚባለው በጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ ዕቃዎችን፣ ፍራፍሬን፣ ምግብንና አበባን ዋና ጉዳዩ አድርጎ የሚይዝ የሥዕል ዘርፍ ነው። ሆላንዶች «ጸጥ ያለ ሕይወት» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሲሰጡት፣ ፈረንሳዮች ደግሞ «የሞተ ተፈጥሮ» ይሉታል። በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው ልዩነት ዘርፉን ለሁለት የሚከፍል የአመለካከት ልዩነት ነው። በ1660ዎቹ የአውሮፓውያን ዓመታት (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፈረንሳዊው አንድሬ ፌሊቢየን የሥዕል ዘርፎችን በደረጃ ሲያስቀምጥ የታሪክ ሥዕልን ከላይ፣ ግዑዛንን ግን ከታች አደረገ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ በጠረጴዛው ላይ ሰው የለም፣ ድርጊትም የለም። የሰው ልጅ በሌለበት ምን ቁም ነገር ይገኛል? የሚለው ጥያቄ ከዚያ ዘመን አንሥቶ ይህን ዘርፍ ሲከተለው ኖሯል። የመስኮቱ ነጸብራቅ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አለው። መልሱን ለማግኘት ግን አስቀድሞ ነጸብራቁ የሚታዘዝለትን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል።

ወደ ውጭ የጎበጠ ገጽ፣ ለምሳሌ የብርጭቆ ሆድ፣ ከፊቱ ያለውን መስኮት አሳንሶና ጠርዙን አጉብጦ፣ ነገር ግን ቀጥ ባለ አቋሙ ያሳያል። ከብርሃኑ ከፊሉ ብርጭቆውን ዘልቆ ከወዲያኛው ግድግዳ ላይ ሲመለስ ግን፣ ያ ግድግዳ ወደ ተመልካቹ ስርጉድ ስለሆነ ሁለተኛውን ምስል ይገለብጠዋል። ስለዚህ አንድ መስኮት በአንድ ብርጭቆ ላይ ሁለት ጊዜ ይታያል፤ አንዱ ከወዲህ ቀጥ ብሎ፣ ሌላው ከወዲያ ተገልብጦ። ከዚህም በላይ ነጸብራቁ የዕቃውን ጠባይ ይወርሳል። ወርቅ የመለሰው ብርሃን ወርቃማ ነው፤ ብርጭቆና የሎሚ ልጣጭ የሚመልሱት የብርሃን ነቁጥ ግን የዕቃውን ቀለም ሳይሆን የመጣበትን የሰማይ ቀለም ይይዛል። መጠኑም ቢሆን ሰዎች እንደሚገምቱት የበዛ አይደለም። ብርጭቆ በቀጥታ ካረፈበት ብርሃን በአንድ ገጹ የሚመልሰው ከመቶ 4 ያህሉን ብቻ ነው። በብርጭቆው ላይ ያለው መስኮት ከእውነተኛው መስኮት እጅግ የደበዘዘ ሆኖ ሳለ የሚያበራ የሚመስለው ከኋላው ያለው ነገር ጨለማ በመሆኑ ነው።

በመጨረሻም ተመልካቹ ጭንቅላቱን ትንሽ ዘንበል ባደረገ ቁጥር ነጸብራቁ ቦታውን ይለውጣል። ሎሚው በቦታው ይቆያል፣ ቢላዋውም አይንቀሳቀስም፤ በብርጭቆው ላይ ያለው መስኮት ግን ከተመልካቹ ጋር አብሮ ይሄዳል። ይህ ለሠዓሊው ከባድ ፈተና ነው። ነጸብራቅን ለመሣል የሚነሣ ሠዓሊ አስቀድሞ የት እንደሚቆም መወሰን፣ ከወሰነም በኋላ በአቋሙ መጽናት አለበት። የቆመበትን ቦታ ያልወሰነ ሰው ቅርጹን ሊያስተካክል፣ ቀለሙንም ሊያሳምር ይችል ይሆናል፤ ነጸብራቁን ግን ሊይዘው አይችልም።

ይህን ረቂቅ ጉዳይ ለመግለጽ ከሁሉ ይልቅ የተመቸው የዘይት ቀለም ነው። የቀለሙ ማዋሃጃ በአብዛኛው የተልባ ዘይት ሲሆን፣ ተልባ ደግሞ ለኢትዮጵያ ገበሬም ሆነ ለኢትዮጵያ ማዕድ ባዕድ አይደለም። ዘይቱ የሚደርቀው እንደ ውኃ በመትነን ሳይሆን ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ በመጠንከር ነው። በዚህ ዝግመት የተነሣ ሠዓሊው ብርሃኑን ከጥላው ጋር፣ ድንበሩ እስከማይታወቅ ድረስ፣ እርጥቡን በእርጥብ ላይ ሊያዋሕድ ይችላል። ቀለሙ ከደረቀ በኋላም በላዩ ስስና አሳላፊ ቀለም ሲደርብበት ብርሃን ወደ ውስጥ ዘልቆ፣ ከሥር ያለውን ነክቶ ይመለሳል። የሥራው ሥርዓትም ከዚሁ ይመነጫል፤ ከታች ዘይቱ ያነሰ፣ ከላይ ዘይቱ የበዛ ቀለም ይቀባል። ሥርዓቱ ከተዛባ የላይኛው ቀለም ቀድሞ ይደርቅና ይሰነጣጠቃል። ያን ቫን አይክ በ1434 በሣለውና ዛሬ በለንደን ብሔራዊ ጋለሪ በሚገኘው የአርኖልፊኒ ጥንዶች ሥዕል ላይ፣ በኋለኛው ግድግዳ የተሰቀለ ጎባጣ መስተዋት መስኮቱን፣ የጥንዶቹን ጀርባና በበሩ በኩል የቆሙ ሌሎች ሁለት ሰዎችን ያሳያል። የዘይት ቀለምን የፈለሰፈው ቫን አይክ ነው የሚለው የቆየ ትረካ ትክክል አይደለም፤ ዘይትን ከቀለም ጋር ማዋሐድ ከእርሱ በፊት የታወቀ ነበር። የእርሱ ድርሻ ዘይት ብርሃንን ሲመልስ ምን ሊናገር እንደሚችል ማሳየቱ ነው።

ይሁንና የቫን አይክ መስተዋት በሰዎች ምስል ውስጥ የገባ አንድ ዕቃ እንጂ ራሱን የቻለ ጉዳይ አልነበረም። ዕቃው ራሱ ጉዳይ የሆነው በ17ኛው መቶ ዓመት፣ በተለይም በሆላንዷ ሃርለም ከተማ ነው። የዚያች ከተማ ሠዓሊ ቪለም ክላስ ሄዳ በ1635 የሠራውና በአምስተርዳም ራይክስሙዚየም የሚገኘው፣ በወርቅ የተለበጠ ዋንጫ ያለበት የግዑዛን ሥዕል ለዚህ ትምህርት ከሚጠቀሱት ሁሉ የላቀ ሳይሆን አይቀርም። በጠረጴዛው ላይ የተጋደመ የብር ጽዋ፣ ልጣጩ ተጠምዝዞ የተንጠለጠለ ሎሚ፣ የቆርቆሮ ሳህኖችና ወይን የያዘ፣ ሮመር የሚባል አረንጓዴ ብርጭቆ ይታያሉ። መስኮቱ በሥዕሉ ውስጥ የለም። ነገር ግን በሮመሩ ሆድ ላይ፣ ከነክፈፉ፣ ጎብጦና አንሶ ተቀምጧል። ተመልካቹ የክፍሉን አንድ ግድግዳ ሳያይ ብርሃኑ ከየት እንደሚገባ ያውቃል።

የሄዳን ሥራ ላይ ላዩን ያየ ሰው ቀለሙ የደበዘዘ፣ ግራጫና ቡናማ የበዛበት ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። የሥዕሉ ታላቅነት ያለው ግን እዚያው ላይ ነው። ነጭ ቀለም በማናቸውም ዘዴ ቢቀባ ከነጭ ወረቀት እምብዛም አይበልጥም፤ የሰማይ ብርሃን ደግሞ ከወረቀት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለሆነም ሠዓሊ ብርሃንን ራሱን ሊያመጣው አይችልም፤ ሊያደርግ የሚችለው ሌላውን ሁሉ ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። ሄዳ ግድግዳውን፣ ሳህኑንና ጨርቁን ከሚገባቸው ድምቀት አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎ ያዛቸው። ይህን በማድረጉ በሮመሩ ላይ ያሳረፋት የጥፍር ስፋት የማይሞላት ነጭ ቀለም ጠረጴዛውን በሙሉ ታበራለች። በዚህ ሥዕል ላይ ብርሃን የተገኘው በቁጠባ ነው። ሁሉንም ነገር ለማድመቅ የሚሽቀዳደም ሥራ አንዱንም ሳያደምቅ እንደሚቀር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

የሄዳ ብርጭቆ መስኮቱን ካሳየ፣ የከተማው ሰውና የዘመኑ ሠዓሊ የፒተር ክላስ ሥራ ደግሞ ከዚያ አልፎ ይሄዳል። ክላስ በ1628 ገደማ የሠራውና በኑረንበርግ የሚገኘው ሥዕል የሰውን ሕይወት አላፊነት የሚያስታውሱ ዕቃዎችን ይዟል፤ የራስ ቅል፣ የእጅ ሰዓት ያልሆነ የኪስ ሰዓት፣ የላባ ብዕር፣ የተጋደመ ብርጭቆና ቫዮሊን። በአንድ ወገን የተቀመጠችው የመስተዋት ኳስ ግን የሥዕሉን ነገር ሁሉ ትለውጠዋለች። በኳሷ ውስጥ ክፍሉ በሙሉ ተጠቅልሎ ይታያል፤ መስኮቱ፣ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛውም ወዲያ በሥዕል ማቆሚያው ፊት በሥራ ላይ ያለው ሠዓሊ። የራስ ቅሉ ሁሉም ያልፋል ይላል፤ ኳሷ ደግሞ ይህን የሚናገር አንድ ሰው በዚህች ሰዓት፣ በዚህ መስኮት ብርሃን እየሠራ ነው ብላ ትመልሳለች። ከግዑዛን መካከል ሰው የለም ለሚለው ለፌሊቢየን ክስ፣ ክሱ ከመነገሩ ከአርባ ዓመት ያህል በፊት የተሰጠ መልስ ነው።

ከእነርሱ ቀደም ብላ በሠራችው በክላራ ፔተርስ እጅ ይህ መልስ የበለጠ ክብደት ይኖረዋል። የፔተርስ የሕይወት ታሪክ ተጽፎ የቆየው እጅግ በጥቂቱ ነው። በ1612 በሠራችውና በካርልስሩኸ በሚገኘው፣ አበባና የወርቅ ዋንጫዎች ባሉበት ሥዕል ላይ፣ በአንዱ ዋንጫ ጉብታዎች ላይ የራሷን መልክ ደጋግማ አስፍራለች። ጉብታዎቹ እጅግ ጥቃቅን ናቸው፤ የቸኮለ ተመልካች የብርሃን ነቁጥ ብቻ መስለውት ያልፋል። ቀረብ ብሎ ያየ ግን በእያንዳንዱ ውስጥ አንዲት ሴት ስትሠራ ያገኛል። በዘመኗ ሴት ሠዓሊ የሰውን ገላ ከሕያው ሞዴል እያየች የምትማርበት መንገድ የተዘጋ ነበር፤ የታሪክ ሥዕል የሚባለው ከፍተኛ ደረጃም በዚያው ምክንያት ይርቃት ነበር። እርሷ ግን ዝቅተኛ በተባለው ዘርፍ ውስጥ፣ በዋንጫ ጉብታ ላይ፣ «ይህን የሠራሁት እኔ ነኝ» የሚል ምስክርነት አኖረች። የማድሪዱ ፕራዶ ሙዚየም ለአንዲት ሴት ሠዓሊ ብቻ የተለየ ዐውደ ርእይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘጋጀው በ2016 ሲሆን፣ የተመረጠችውም እርሷ ነበረች። ምስክርነቱ ሰሚ ለማግኘት አራት መቶ ዓመት ፈጅቶበታል።

ይህ ሁሉ ሲባል ነጸብራቅ የገባበት ሥዕል ሁሉ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም ከመስኮት ነጸብራቅ የበለጠ በቀላሉ ወደ ባዶ ልማድ የሚለወጥ ነገር ጥቂት ነው። አልብረኽት ዱረር በ1502 በውኃ ቀለም የሣላት፣ በቪየና አልበርቲና የምትገኘው ዝነኛ ጥንቸል በዓይኗ ውስጥ የመስኮት ክፈፍ ይታያል። ይህ ጥንቸሏ በቤት ውስጥ እያለች መሣሏን የሚመሰክር ነው ወይስ ዓይን እንዲያበራ ለማድረግ የተለመደ ዘዴ? በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት አስተያየት ሊሰጥ ይችላል። ከዱረር በኋላ በመጡት ብዙ ሥራዎች ግን የሚያከራክር ነገር የለም። በሜዳ ላይ በቆመ ሰው ዓይን፣ በዛፍ ላይ ባለ ፍሬ፣ በአየር ላይ በሚንሳፈፍ ፊኛ ላይ፣ በመስቀል ለአራት የተከፈለች ነጭ መስኮት ትለጠፋለች። መስኮት በሌለበት የመስኮት ነጸብራቅ መሣል ምን ማለት ነው? ሠዓሊው ያየውን ትቶ የተነገረውን ደገመ ማለት ነው። ነጸብራቁ ማስረጃ መሆኑ ቀርቶ ጌጥ ሆነ ማለት ነው። የሐሰት ምስክር ደግሞ ምንም ያህል ቢያምር ነገር አያስረዳም።

በሌላ በኩል ከዚህ ዘርፍ ላይ የሚሰነዘር ሌላ ነቀፌታ አለ፤ ችላ ሊባልም አይገባውም። እነዚህ ጠረጴዛዎች የባለጸጋ ጠረጴዛዎች ናቸው፤ ብሩን ከማዕድኑ ያወጣው፣ ቃሪያውንና ቅመሙን ከሩቅ አገር የጫነው፣ ሳህኑን ያጠበው ሰው የት አለ? የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1602 ከተቋቋመ ወዲህ በእነዚያ ጠረጴዛዎች ላይ የታዩት በርበሬና የሩቅ አገር ዕቃዎች ብዙ መከራ ያለፈባቸው መሆናቸውን ታሪክ ያውቃል። ከሥዕሎቹ አብዛኛዎቹም ስለዚህ አንዳች አይናገሩም። ሆኖም ሚዛናዊ ፍርድ ሁለቱንም ማየት አለበት። የጠረጴዛው ባለቤት በጎባጣው ኳስ ውስጥ አልታየም፤ የታየው ሠራተኛው ነው። በዋንጫው ላይም ስሟ የተቀረጸው ገዢ ሳትሆን የሣለችው ሴት ናት የታየችው። ክላስና ፔተርስ የዓለሙን ሥራ ሁሉ አላንጸባረቁም፤ የራሳቸውን ሥራ ግን አልደበቁም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ጉድለት መመዝገብ የተመልካቹና የሐያሲው ድርሻ ነው።

ለኢትዮጵያ ሠዓሊዎችና የሥዕል መምህራን ጉዳዩ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ ሆኖ አይቀርም። አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የዘይት ቀለም የትምህርቱ ክፍል ሆኖ ቆይቷል፤ በዘይት ቀለም የሚማር ሁሉም ውሎ አድሮ ከብርጭቆና ከማሰሮ ፊት መቀመጡ አይቀርም። እዚህ ላይ ከአውሮፓ መጻሕፍት በቀጥታ የሚወሰድ አንድ ደንብ አለ፤ የሠዓሊ ክፍል መስኮቱ ወደ ሰሜን ይሁን የሚለው። ደንቡ በ52ኛው የሰሜን ኬክሮስ ገደማ ላለችው ለሃርለም ትክክል ነው፤ በዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምትሆን ሰሜኑ መስኮት የማይለዋወጥ ብርሃን ይሰጣል። አዲስ አበባ ግን በ9ኛው ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናት ወደ ሰሜን ታልፋለች። በእነዚያ ወራት ደመናው ሲገለጥ ፀሐይ በሰሜኑ መስኮት በኩል ልትገባ ትችላለች፤ በብርጭቆው ላይ የነበረው ለስላሳ ሰማያዊ መስኮትም በአንድ አፍታ የሚያሳውር ነጭ ይሆናል። ደንቡን የሸመደደ ተማሪ ግራ ይገባዋል፤ የራሱን መስኮት ያጠና ግን አስቀድሞ ይዘጋጃል።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል በዚህ ሚዛን ሊመዘን እንደማይገባው መገንዘብም ያስፈልጋል። በዚያ ሥዕል ውስጥ ብርሃን በአንድ መስኮት የሚገባና በሌላ ወገን ጥላ የሚጥል አይደለም፤ ቅዱሳኑ በአብዛኛው እኩል በበራ ቀለም፣ በሰፊና በተከፈቱ ዓይኖች ይመለከታሉ። እዚያ የመስኮት ነጸብራቅ አለመኖሩ ጉድለት አይደለም፤ ሥዕሉ ያልገባውን ቃል አላፈረሰም። የሐሰት የሚሆነው ከሁለቱ ሕግጋት አንዱንም ሳይከተሉ፣ ከአንዱ ጌጡን ከሌላው ስሙን ተውሶ መሥራት ነው።

መምህሩ ለተማሪው ሊሰጠው የሚችለው ከሁሉ የሚሻል ልምምድ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አንድ ብርጭቆ፣ አንድ ሎሚ፣ አንድ ጨለም ያለ ጨርቅና አንድ መስኮት ይበቃል። ተማሪው በመጀመሪያ ከብርጭቆው በስተኋላ ያለውን፣ ብርጭቆው እንደሌለ ቆጥሮ ይሥራ፤ እስኪደርቅም ይጠብቅ። ከዚያ ብርጭቆውን በጥቂት ጨለማና በጥቂት ብርሃን በላዩ ያሳርፍ፤ ብርጭቆ ራሱ የሚሣል ነገር ሳይሆን በሌላው ነገር ላይ የሚያመጣው ለውጥ መሆኑን በእጁ ይወቀው። የመስኮቱን ነጸብራቅ የመጨረሻ ሥራው ያድርገው። ያን ጊዜም ከቱቦ የወጣ ንጹሕ ነጭ አይቀባ። ከ1920ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው የቲታኒየም ነጭ የቀድሞዎቹ ሠዓሊዎች ይጠቀሙበት ከነበረው መርዛማ የእርሳስ ነጭ ይልቅ የሚያበራና የሚቀዘቅዝ ስለሆነ፣ ያለ መጠን ሲቀባ ከብርጭቆው ላይ ዘሎ የወጣ ይመስላል። ተማሪው ሰማዩ በዚያች ሰዓት ምን ዓይነት እንደሆነ ይይ፤ ቀለሙንም በዚያው ያርመው። በመጨረሻ ሁለተኛውን፣ የተገለበጠውን ነጸብራቅ ይፈልገው። አብዛኛው ሰው አያየውም፤ ምክንያቱም አንድ መስኮት አንድ ነጸብራቅ ብቻ ይኖረዋል ብሎ አስቀድሞ ወስኗል።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ተነሣው ቃል ስንመለስ፣ ነጸብራቅ ግልባጭ አይደለም። ነጸብራቅ እንዲኖር ከውጭ የሚመጣ ብርሃን፣ ብርሃኑን በራሱ ቅርጽ የሚቀበል ገጽ፣ የቆመበትንም ቦታ የወሰነ ዓይን ያስፈልጋሉ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል የሚቀረው በመስቀል የተከፈለች ነጭ ምልክት ብቻ ናት። ኪነ ጥበብ የሕይወት ነጸብራቅ ነው የሚል ሰው ከዚህ በኋላ ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይጠበቅበታል፤ ብርሃኑ ከየት ይመጣል? ገጹ ምን ዓይነት ነው? የሚያየውስ የት ቆሞ ነው? ሄዳ፣ ክላስና ፔተርስ እነዚህን ጥያቄዎች በአንድ ብርጭቆ፣ በአንድ ኳስና በአንድ ዋንጫ ላይ መልሰዋል።